ጄኔራሉ፣ ሲጋሩና ያልተቆጠረው መለኪያ

ስለ መጠጥ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሰካራም ነው። ሰክሮ የነዳ፣ ሰክሮ የተደባደበ፣ ሰክሮ ትዳሩን የበተነ ሰው ዜና ይሆናል። ጠጥቶ በሰላም ቤቱ የገባ፣ ጠዋትም ተነስቶ ሥራው የሄደ ሰው ግን ለዜና አይበቃም። በዚያ ሰው አፍና ጉሮሮ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ መጠየቅማ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንኳ ቶሎ ትዝ የሚለን ነገር አይደለም። እኔ ይኼን ጥያቄ እንዳነሳ ያደረጉኝ ከሞቱ 140 ዓመት ያለፋቸው አንድ አሜሪካዊ ጄኔራል ናቸው። ዩሊሰስ ኤስ. ግራንት ይባላሉ።

ግራንትን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በ50 ዶላር ኖት ላይ ባለው ፂማም ፊታቸው ነው (ኖቱ እኛ እጅ ባይገባም)። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑን ጦር ለድል ያበቁ አዛዥ ናቸው፤ በኋላም 18ኛው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ስለ እሳቸው ሁለት ነገር በሰፊው ይወራል። አንደኛው ጠጪ ነበሩ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው በጉሮሮ ካንሰር መሞታቸው። ባነበብኳቸው ታሪኮች ውስጥ እነዚህ ሁለት ወሬዎች በተለያየ ምዕራፍ ነው የሚቀመጡት። መጠጡ የጠባይ ጉዳይ ሆኖ ይተረካል፣ ካንሰሩ ደግሞ የሲጋር ጉዳይ ሆኖ ያልቃል። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ ማየት ፈለግሁ። እግረ መንገዴን፣ ካልተገለጸ በስተቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልንገራችሁ።

የተወለዱት ኤፕሪል 27 ቀን 1822 በኦሃዮ ግዛት ነው። አባታቸው ጄሲ ግራንት ቆዳ እያለፉ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን የቆዳውን ሽታና ደሙን አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ የሚወደው ፈረስ መግራት ነው። በ17 ዓመቱ አባቱ ሳያማክሩት ዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ እንዲገባ አደረጉ። ስሙ እንኳ በትክክል የራሱ አይደለም። ሲወለድ የወጣለት ሂራም ዩሊሰስ ነበር። ለአካዳሚው የጠቆሙት የምክር ቤት አባል ተሳስተው ዩሊሰስ ኤስ. ብለው ጻፉት፣ እንደዚያው ቀረ። በ1843 ሲመረቅ ከ39 ተማሪዎች 21ኛ ወጣ። የመካከለኛ ውጤት ባለቤቶች ይኼን ልብ በሉልኝ።

ከሜክሲኮው ጦርነት ሲመለሱ በ1848 ጁሊያ ዴንትን አገቡ። ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1852 ሠራዊቱ ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ሲልካቸው ጁሊያ ነፍሰ ጡር ስለነበሩ፣ በፓናማ በኩል የሚያልፈውም መንገድ ኮሌራ የሞላበት ስለነበር ቤተሰቡ ቀረ። ሁለተኛው ልጃቸው ሲወለድ አባት በቦታው አልነበሩም፤ ለሁለት ዓመት ያህልም አላዩትም። ደመወዛቸው ሚስትና ልጆች ለማስመጣት አትበቃም። በ1854 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለው ፎርት ሀምቦልት ተዛወሩ። ቦታው ዝናብና ደን ነው፤ የሚሠራ ነገር የለም፣ ደብዳቤ እንደ ልብ አይደርስም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጦር ሰፈር ደግሞ ውስኪ አይጠፋም። ግራንት ጠጡ።

ጭቅጭቁ ምን ያህል ጠጡ የሚለው ላይ ነው። ሰውነታቸው ትንሽ ስለነበረ ጥቂት መለኪያ ብቻ እንደሚበቃቸው በቅርብ የሚያውቋቸው መስክረዋል። ከዚያ በፊት በ1851 ሳኬትስ ሃርበር የተባለ ቦታ ሳሉ መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር ውስጥ በፈቃዳቸው ገብተው ነበር። ይኼን ስናይ ነገሩ ራሳቸውንም ያሳስባቸው ነበር ማለት እንችላለን። በኤፕሪል 1854 ከሠራዊቱ ለቀቁ። አዛዣቸው ወይ ሥራውን እንዲለቁ ወይ ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ አስመርጠዋቸዋል የሚል ወሬ ከኋላቸው ተከተለ። የመልቀቂያ ደብዳቤያቸው ግን ምክንያት አልጠቀሰም። ደብዳቤው ዝም ስላለ ወሬው እንደ ልቡ ተናገረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የድህነት ናቸው። ሴንት ሉዊስ አጠገብ እያረሱ፣ ማገዶ እየጫኑ ከተማ ይሸጡ ነበር። በ1857 የገና ሰሞን የወርቅ ሰዓታቸውን መያዣ አድርገው ገንዘብ ተበደሩ። በ1860 አልሆን ሲላቸው ጋሊና ወደምትባል ከተማ ሄደው በአባታቸው የቆዳ ዕቃ ሱቅ ተቀጠሩ። ከልጅነታቸው የሸሹት ቆዳ መልሶ አገኛቸው ማለት ነው። ዕድሜያቸው 38 ነበር።

በ1861 ጦርነቱ ሲፈነዳ ሠራዊቱ የሠለጠነ መኮንን አጣና ግራንት ተመለሱ። በፌብሩዋሪ 1862 ፎርት ዶኔልሰን የተባለውን ምሽግ ያዙ። ሰሜኑ እስከዚያ ድረስ የሚያወራው ድል ስላልነበረው ጋዜጦች በደስታ አበዱ። ከድሉ ዜና ጋር አንዲት ትንሽ ዝርዝር ወጣች፤ ጄኔራሉ በውጊያው መሀል ሲጋር ይዘው ነበር የምትል። አንባቢው ይኼን ሲሰማ ከየግዛቱ ሲጋር በሣጥን በሣጥን ይልክላቸው ጀመር፣ በሺዎች የሚቆጠር። ከዚያ በፊት አብዝተው የሚያጨሱት ፒፓ ነበር። የመጣ ስጦታ አይጣልም፤ አጨሱት። በቀን 20 ያህል ሲጋር የሚያጨሱ ሰው ሆኑ። ለሪፖርተሮቹ ዜናቸውን ያሳመረች ቅመም ነበረች። ለጄኔራሉ ግን የዕድሜ ልክ ሱስ ሆነች።

ከሁለት ወር በኋላ ያው ጋዜጣ ዞረባቸው። በሻይሎ ጦርነት፣ ኤፕሪል 6 እና 7 ቀን 1862፣ ከሁለቱም ወገን ከ23 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ። የግራንት ጦር ሳይዘጋጅ ነበር የተጠቃው። ጄኔራሉ ሰክረው ነበር የሚለው ክስ በየጋዜጣው ተዘራ። የሚገርመው፣ አብረዋቸው የዋሉ መኮንኖች በዚያ ቀን አልጠጡም ብለው ነው የመሰከሩት። ጥቃቱን አስቀድመው ያልጠረጠሩት ግን ምንም ሳይጠጡ ነው። ለጋዜጦቹ ያልጠጣ ሰው ስህተት ከመተንተን የጠጣ ሰው ታሪክ መጻፉ ቀለላቸው።

ከዚያ ወዲህ የግራንትን ብርጭቆ የሚቆጥር ሰው አልጠፋም። የቅርብ ረዳታቸው ጆን ሮውሊንስ የአባቱን ስካር እያየ ያደገ ሰው ስለነበረ መጠጥን እንደ ጠላት ነው የሚያየው። አዛዡንም እንደ ሞግዚት ይጠብቃቸው ነበር። በ1863 የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን ቻርለስ ዳናን ወደ ግንባር ላኩ። ዳና ማነው ካላችሁ፣ እስከ 1862 ድረስ የኒውዮርክ ትሪቢዩን ማኔጂንግ ኤዲተር የነበረ ጋዜጠኛ ነው። ለይስሙላ የተሰጠው ሥራ የደመወዝ ከፋዮችን አሠራር መመርመር ነበር። እውነተኛው ሥራው ግን ግራንትን እያዩ ለዋሽንግተን መጻፍ ነው። ሠፈሩ ውስጥ ይኼን ያላወቀ አልነበረም። ግራንት አላባረሩትም፣ አልተደበቁትምም፤ አብረው በሉ፣ ዳናም የሚደግፋቸው ዘገባ ላከ።

ሌላው ሲልቫነስ ካድዋላደር የተባለ የቺካጎ ታይምስ ሪፖርተር ነው። በጁን 1863 ግራንት በያዙ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ክፉኛ ሰክረው እንደነበርና ያረጋጋቸውም እሱ እንደሆነ ጻፈ። የጻፈው ግን ያን ጊዜ አይደለም። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በስተርጅናው ነው፤ የእጅ ጽሑፉ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ደግሞ በ1955 ነው። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አንዳንዶቹ ሪፖርተሩ በዚያች ጀልባ ላይ ጨርሶ አልነበረም ይላሉ። ስለ ምንጭ አያያዝ ስንማር እንደ ምሳሌ ቢሰጠን ጥሩ ነበር።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ግራንት ቪክስበርግን ከበው ነበር፤ ከተማዋ ጁላይ 4 ቀን 1863 እጇን ሰጠች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። ከቪክስበርግ በፊት ቻምፒዮን ሂል ላይ በግራንት ጦር ከተሸነፉት የደቡብ ጄኔራሎች አንዱ ዊልያም ሎሪንግ ነው። ይኼው ሰው በኋላ ለግብፅ ተቀጥሮ በማርች 1876 ከግብፅ ጦር ጋር ጉራ ድረስ መጣና በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተሸነፈ። ከጉዳዬ ጋር ብዙም አይገናኝም፤ ግን ሳነበው ደስ ብሎኛል።

የቀረውን የፖለቲካ ሕይወት ቶሎ ልለፈው። ኤፕሪል 9 ቀን 1865 የደቡቡ አዛዥ ሮበርት ሊ አፖማቶክስ ላይ እጅ ሰጡ። ከ1869 እስከ 1877 ግራንት ፕሬዚዳንት ነበሩ። የጥቁር አሜሪካውያንን መብት ለማስከበር ኩ ክላክስ ክላንን በሕግና በጦር መትተዋል፤ በዙሪያቸው የነበሩ ሹማምንት ደግሞ በሙስና ተጨማልቀዋል። ከ1877 እስከ 1879 የኒውዮርክ ሄራልዱን ጋዜጠኛ ጆን ራስል ያንግን አስከትለው ዓለምን ዞሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን መጠጡን በቁጥጥራቸው ሥር አውለውት እንደነበር ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ሲጋሩ ግን ከአፋቸው አልተለየም።

በኒውዮርክ ኑሯቸው ፈርዲናንድ ዋርድ የተባለ ብልጣብልጥ ወጣት የልጃቸው ሽርክና ውስጥ ገብቶ፣ የእሳቸውን ስም እየሸጠ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰበሰበ። ለአንዱ የሚከፍለው ከሌላው በወሰደው ነበር። በሜይ 1884 ድርጅቱ ሲፈርስ ግራንት ያላቸው ሁሉ ጠፋ። ድርጅቱን ያድናል ተብሎ ከባለጸጋው ዊልያም ቫንደርቢልት የተበደሩት 150 ሺህ ዶላርም አብሮ ቀለጠ። ያን ጊዜ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት ጡረታ የለም። የወታደርነቱንም ጡረታ ለፕሬዚዳንትነት ሲሉ ትተውታል። ዕድሜያቸው 62 ነው፣ ቤት ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ 200 ዶላር አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ነው በሽታው የመጣው። ጁን 2 ቀን 1884 በባሕር ዳር ቤታቸው፣ ኒው ጀርሲ ሎንግ ብራንች ላይ፣ ምሳ በልተው ኮክ ገመጡ። ሲውጡት ጉሮሯቸውን አንዳች ነገር ወጋቸው። ፍሬው ውስጥ ነፍሳት ኖሮ የነደፋቸው መሰላቸው፤ ውሃ ቢጠጡበት ባሰ። ጎረቤት የመጡ ዳ ኮስታ የተባሉ ሐኪም አይተው ቶሎ የቤተሰብ ሐኪማቸውን እንዲያነጋግሩ መከሩ። የቤተሰቡ ሐኪም ግን አውሮፓ ነበሩ። ግራንት እስኪመለሱ ጠበቁ። ጁን አለፈ፣ ክረምቱ በሙሉ አለፈ፤ የጉሮሮ ስፔሻሊስቱ ጆን ሃንኮክ ዳግላስ ያዩዋቸው ኦክቶበር 22 ቀን ነው። አራት ወር ተኩል። ዛሬ ሐኪሞች አፍ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ያለ ቁስል ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ካልዳነ ይታይ የሚሉት እንዲህ ያለውን ጊዜ ላለማባከን ነው።

በፌብሩዋሪ 1885 ከቁስሉ ጥቂት ሥጋ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ታየ። ያዩት ጆርጅ ሽሬዲ ናቸው፤ ሐኪምም የሜዲካል ሬኮርድ መጽሔት አዘጋጅም ነበሩ። ናሙናው የማን እንደሆነ ሳይነገራቸው ካንሰር መሆኑን ለዩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቱን የሰሙት። ቁስሉ ያለው የምላስ ሥርና ቶንሲል አካባቢ ነው። ምላስና መንጋጋ ቆርጦ ማውጣት ለተዳከመ ሰው ሞት ስለሆነ ቀዶ ጥገናው ቀረ። የቀረው ሕመም ማስታገስ ነበር። ሞርፊን ይሰጧቸዋል፤ ኮኬይን ደግሞ ጉሮሮ ይቀባል። ኮኬይን በማደንዘዣነት የታወቀው ገና በዚያው በ1884 ነው።

ሐኪሞቹም ጋዜጦቹም ጥፋቱን ሲጋሩ ላይ ጣሉት። ትክክል ናቸው፤ ትምባሆ የዚህ ካንሰር ዋና ምክንያት ነው። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። 20 ዓመት ሙሉ የግራንትን መለኪያ ሲቆጥር የኖረ ፕሬስ፣ ጉሮሯቸው ሲታመም ያንን መለኪያ ጨርሶ ረሳው። መጠጥ ጥያቄ የሚሆነው ሰውየው ጦር መምራት ይችላል ወይ፣ ጨዋ ነው ወይ ለማለት ብቻ ነበር። ጉሮሮው ምን ሆነ ለማለት ማንም አላነሳውም።

አሁን የሚታወቀው እንዲህ ነው። በቢራም፣ በጠጅም፣ በአረቄም፣ በውስኪም ውስጥ ያለው አስካሪ ነገር አንድ ነው፤ ኢታኖል ይባላል። ሰውነት ኢታኖልን ሲሰባብር መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዝ ይለውጠዋል። ይኼ መርዝ ከሴሎቻችን ዲኤንኤ ጋር እየተጣበቀ ያበላሸዋል። ሥራው የጉበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኢታኖሉን እዚያው ምላስ ላይ ይለውጡታል፤ በዚህ የተነሳ በጠጣ ሰው ምራቅ ውስጥ ያለው አሴታልዲሃይድ ደሙ ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። ሌላም አለ። አልኮል አሟሚ ነው። የአፍና የጉሮሮን ስስ ሽፋን ያላላና የትምባሆው መርዝ በቀላሉ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። ስለዚህ የሚጠጣም የሚያጨስም ሰው የሁለቱን ጉዳት ደምሮ ብቻ አያገኝም፤ አንዱ ሌላውን ያበዛዋል።

ምን ያህል ያበዛዋል ለሚለው በ1988 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። በቀን ሁለት ፓኬትና ከዚያ በላይ ሲጋራ የሚያጨሱና ከአራት መጠጥ በላይ የሚጠጡ ሰዎች ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት፣ ከማያጨሱና ከማይጠጡት ከ35 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የአልኮል መጠጥን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ጋር በአንደኛው ምድብ የመዘገበው በዚያው በ1988 ነው። ግራንት ከሞቱ 103 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ለማያጨሰውስ? ዶርም ውስጥ ስለዚህ ጽሑፍ ሳወራ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኼ ነበር፣ እንደተለመደው ቢራ ምን አለው የሚል ተጨምሮበት። በ2015 የታተመ፣ 572 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ መልስ አለው። በቀን እስከ 12.5 ግራም ንጹሕ አልኮል የሚጠጡ ሰዎች ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከማይጠጡት በ13 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ከ50 ግራም በላይ የሚጠጡት ግን 5 እጥፍ ይደርሳል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ስታሰሉት 13 ግራም ያህል ነው። አራት ጠርሙስ ማለት ከ50 በላይ ማለት ነው። ስሌቱ ውስጥ ሰውየው ሰክሮ ነበር ወይስ አልሰከረም የሚል ዓምድ የለም። የሚቻለው ሰው፣ ስንት ጠጥቶ የማይንገዳገደው፣ ከዚህ አንፃር ምንም ጥቅም የለውም። በ2023 ደግሞ ኤጀንሲው ማስረጃዎቹን መዝኖ፣ መጠጥ መቀነስ ወይም ማቆም የአፍንና የምግብ ቧንቧን ካንሰር አደጋ እንደሚቀንስ በቂ ማስረጃ አለ ብሏል።

የግራንትን ካንሰር ያመጣው አልኮል ነው ብዬ አልጽፍም። በቀን 20 ሲጋር ብቻውን ይበቃል፤ የምላስ ሥርና የቶንሲል ካንሰር ደግሞ ኤችፒቪ በተባለ ቫይረስም እንደሚመጣ ዛሬ ይታወቃል። የምለው፣ በእሳቸው ታሪክ ውስጥ ፎርት ሀምቦልት ላይ የተጠጣው መለኪያ ከጉሮሮው ጋር ተያይዞ ሊነሳ የሚገባው ነገር ነበር ነው። እኛ አገርም ያው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። በማስታወቂያው ቦታ ስለ ጉሮሮ የሚናገር ዘገባ ስንት ጊዜ ሰማን? እኔ እምብዛም አልሰማሁም።

ወደ ግራንት ልመለስ፤ የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ገና አልተነገረም። ከኪሳራው በኋላ ሴንቸሪ መጽሔት ስለ ጦርነቱ እንዲጽፉለት በአንድ ጽሑፍ 500 ዶላር ሰጣቸው። ስለ ሻይሎ የጻፉትን የመጀመሪያ ረቂቅ አዘጋጆቹ አልወደዱትም፤ ደረቅ ሪፖርት ነበር። ያዩትንና የተሰማቸውን እንዲጨምሩ ነገሯቸው፤ ግራንትም ሰምተው አሻሻሉት። በ62 ዓመታቸው የኤዲተር አስተያየት ተቀብሎ ደግሞ መጻፍ! ሴንቸሪ ሙሉ መጽሐፍ ሲጠይቃቸው ያቀረበላቸው ድርሻ 10 በመቶ መሆኑን ደራሲው ማርክ ትዌይን ሰማና ሮጦ መጣ። በራሱ ማተሚያ ድርጅት በኩል ከትርፉ 70 በመቶ ሊሰጣቸው ተስማማ። ውሉን የፈረሙት ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1885 ነው። ማርች 1 ቀን ኒውዮርክ ታይምስ ግራንት እየሞቱ መሆናቸውን አወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለሙያችን የሚያስመሰግን አይደለም። ሪፖርተሮች በ66ኛው መንገድ ቤታቸው ፊት ለፊት ሌት ተቀን ተሰለፉ። ምን ያህል ዋጡ፣ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንቴ አሳላቸው፣ ሁሉም በየቀኑ ይታተማል። በኤፕሪል መጀመሪያ በጣም ደክመው ሊሞቱ ደረሱ። ሐኪሞቹ በመርፌ የሰጧቸው ብራንዲ ነበር! ሲነቁ በአልጋቸው ያጠመቋቸው ቄስ ጸሎቱ ነው አሉ፣ ከሐኪሞቹ አንዱ ደግሞ ብራንዲው ነው አለ ይባላል። ትንሽ ሲሻላቸው አንዳንድ ጋዜጦች ካንሰር የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም፣ ሐኪሞቹ ተሳስተዋል ብለው ጻፉ። በዚያው ወር ማብቂያ ኒውዮርክ ወርልድ መጽሐፉን የሚጽፍላቸው የቀድሞ ረዳታቸው አዳም ባዶ ነው ሲል አወጣ። ግራንት የራሳቸው መሆኑን በደብዳቤ አስታወቁ።

ጁን 16 ቀን ሙቀቱን ሽሽት ወደ ማውንት ማክግሬገር፣ ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን ወዳለች የተራራ ቤት ወሰዷቸው። ድምፃቸው ስለጠፋ ከሐኪማቸው ጋር የሚነጋገሩት በቁራጭ ወረቀት እየጻፉ ነው። ውሃ መዋጥ ያቃጥላቸዋል። መጻፍ ሲያቅታቸው በሹክሹክታ ያስጽፋሉ። በረንዳው ላይ በወንበር ተቀምጠው፣ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ በዚያ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥመው ሲጽፉ የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል።

በሁለት ጥራዝ ከ1,200 በላይ ገጽ የሆነውን መጽሐፍ በጁላይ አጋማሽ ጨረሱ። አረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ግልጽ ናቸው፤ ዛሬም ከአሜሪካ ምርጥ የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። ከሠራዊቱ ለምን ለቀቁ ለሚለው ቤተሰቤን በዚያ ደመወዝ ማኖር አልቻልኩም የሚል ሐሳብ ነው የሰጡት። ስለ መጠጣቸውና 30 ዓመት ስላሳደዳቸው ሐሜት ምንም አላነሱም።

ጁላይ 23 ቀን 1885 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ ሞቱ። 63 ዓመታቸው ነበር። መጽሐፉ ከ300 ሺህ ጥንድ በላይ ተሸጠ፤ በፌብሩዋሪ 1886 ጁሊያ የመጀመሪያውን የ200 ሺህ ዶላር ቼክ ተቀበሉ። ጠቅላላው ከ400 ሺህ አለፈ። የተራራዋ ቤት ዛሬ ሙዚየም ናት። ልጃቸው ፍሬድ በሞቱባት ደቂቃ ያቆመው የግድግዳ ሰዓት እዚያው አለ፤ ኮኬይን የነበረበት የመድኃኒት ጠርሙስም እንዲሁ። ለዶክተር ዳግላስ የጻፏቸው ቁራጭ ወረቀቶች ደግሞ በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።